ሥራህን እንዳትለቅ

ይድረስ ለልጄ ለናቲ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

እህትህ ሁሉን ነገረችኝ። ሥራ ለቀህ፣ ቤት ዘግተህ የምናብ ልብ ወለድ ልትጽፍ ነው አሉ። ምሳሌህም ያ የእንግሊዝ ደራሲ፣ ቴሪ ፕራቼት ነው አሉ። እሺ፣ እሱኑ እናንሳ።

ሰውዬው በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የሰፈር ጋዜጣ ላይ ተቀጠረ። ኋላ የት ገባ መሰለህ? መብራት ኃይል! የእንግሊዙ። የኑክሌር ማመንጫዎች የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበር። ዲስክወርልድ የሚባለው፣ ስም ያወጣበት ተከታታይ ልብ ወለድ የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ እሱ ቢሮው ነው። የለቀቀው በ1987! ማታ ማታ 400 ቃል እየጻፈ ነው የጀመረው። የዲስክወርልድ ልብ ወለዶች ብቻ 41 ደርሰዋል። እና ልጄ፣ ሥራህን እንዳትለቅ።

ያ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሰውዬው የአጫጭር ታሪኮች መድበል፣ ኤ ስትሮክ ኦፍ ዘ ፔን፣ ደስ አለኝ። ወጣት ሳለ በብዕር ስም ጋዜጣ ላይ የበተናቸው 20 ታሪኮች ናቸው። ከሞተ በኋላ አንባቢዎቹ አሮጌ ጋዜጣ እያገላበጡ ለቀሟቸው።

ይሄኔ እምዬ ትዝ አለችኝ። መብራት በሌለበት ቤት ስንት ተረት አውርታልናለች! ጅቡ ሰው መስሎ ሙሽራ ሊያገባ የመጣበትን ታውቀዋለህ፣ ነግሬሃለሁ። ልጅቱ ጭራውን አይታ ያለችው ነገር ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል። አክስትህን ጠየቅኳት፤ እሷም እዚያው ላይ ትቆማለች። የእምዬን ማን ጋዜጣ ላይ አውጥቶት ነው እኛ አገላብጠን የምናገኘው? ዕቃዋን ሁሉ ተካፈልን፤ ተረቱን የወሰደ የለም።

አንተ ጻፍ። እንዳትጽፍ አላልኩም። ሥራህን እንዳትለቅ ነው ያልኩት።

ደግሞ ሰውዬው ያላለቁ ሥራዎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ እንዲጠፋ ተናዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በመንገድ መዳመጫ ሮለር አስኬዱበት። እንዲህ ያለ ጥጋብ አንተ ጋ እንዳልሰማ! የጻፍከውን ሁሉ ለእህትህ በኢሜይል ላክላት።

ኪራይህን ቀድመህ ክፈል። ምሳ አትዝለል። የእናትህን የጉልበት ቅባት በሚመጣ ሰው ላክ፣ ትልቁን። እሁድ ደውልና ስለ ሥራው ቁርጡን ንገረኝ፤ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን።

አባትህ