ጉዳዩ፦ በአደራ የሰጠኋቸው የቤዝቦል ካርዶች ስለመበላሸታቸው እና የሰብሳቢው የእጅ ጽሑፎች ስለመጥፋታቸው

ለፎቶግራፍና ፍሬም ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሟች ጎረቤቴ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸውንና ቤተሰባቸው በአደራ የሰጠኝን የቤዝቦል ካርዶች፣ ፊትና ጀርባቸው ስካን ተደርጎ ወደነበሩበት አልበም እንዲመለሱ በጽሑፍ ተስማምተን ለድርጅትዎ አስረክቤ ነበር። የተመለሱልኝ ግን ከአልበማቸው ወጥተው፣ ካርቶን ላይ በሙጫ ተለጥፈውና በመስታወት ተሸፍነው ነው። ፍሬሙ ያምራል፤ ነገር ግን ፍሬም አላዘዝኩም።

አብዛኞቹ ካርዶች ሰብሳቢዎች ቲ206 የሚሏቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 በአሜሪካ ከሲጋራ ፓኮ ጋር ይወጡ የነበሩ ናቸው። በፊታቸው የተጫዋቹ ሥዕል፣ በጀርባቸው ደግሞ ፒድሞንት፣ ስዊት ካፖራል ወይም ሌላ የሲጋራ ስም ታትሞባቸዋል። የአንድ ተጫዋች ያው ሥዕል በተለያየ የሲጋራ ስም ስለሚገኝና ከስሞቹም አንዳንዶቹ እጅግ ብርቅ ስለሆኑ፣ ሰብሳቢ ካርዱን ገልብጦ ሳያይ ምን እንደያዘ አያውቅም። ድርጅትዎ በሰጠኝ ፋይል ውስጥ የጀርባቸው ምስል ጨርሶ የለም።

ሠራተኛዎ በስልክ ሲመልሱልኝ፣ በኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያሉትም ካርዶች የተለጠፉ መሆናቸውን ነግረውኛል። እውነት ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የሰራኩዝ ከተማ ነዋሪ የነበሩት ሰብሳቢ ጄፈርሰን ቡርዲክ ከ30,000 በላይ የቤዝቦል ካርዶች የሚገኙበትን፣ በጠቅላላው ከ300,000 የሚበልጥ የታተመ ወረቀት ለሙዚየሙ ሰጥተው፣ በአርትራይተስ በተጎዱ እጆቻቸው አልበም ላይ ሲለጥፉ ቆይተው፣ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1963 መጀመሪያ ጨርሰው በዚያው ዓመት በማርች ወር አርፈዋል። ሆኖም የለጠፉት የራሳቸውን ንብረት፣ ራሳቸው ባዘጋጁት ካታሎግ ቅደም ተከተል ነው፤ ቲ206 የሚለው መለያም ከዚያው ካታሎግ የመጣ ነው። ድርጅትዎ ግን የሌላ ሰው ንብረት የነበረውን ቅደም ተከተል አፍርሶ ለጥፏል።

ከሙጫው ይልቅ የከበደኝ የቁራጭ ወረቀቶቹ መጥፋት ነው። ጎረቤቴ ከእያንዳንዱ ካርድ ሥር፣ ካርዱ ከማን፣ በምን ልውውጥና ከየትኛው ከተማ በፖስታ እንደደረሳቸው በእርሳስ ጽፈው ያስቀምጡ ነበር። ካርድ እንደዛሬው በጨረታ በውድ ዋጋ ሳይሸጥ በፊት፣ እንደ ጎረቤቴ ያሉ ሰብሳቢዎች በደብዳቤ ተፈላልገው፣ የጎደላቸውን በዝርዝር እየተላላኩ ይለዋወጡ ነበር። አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የብዙዎቹን ስም እኔ የማውቀው ከእነዚያ ወረቀቶች ብቻ ነው። ካርድ ገንዘብ ያለው ሰው ሊተካው ይችላል፤ እነዚያን ወረቀቶች ግን ማንም ሊተካቸው አይችልም።

ስለዚህ አልበሞቹና ወረቀቶቹ በድርጅትዎ መጋዘንም ሆነ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ተፈልገው እንዲመለሱልኝ፣ ተጥለው ከሆነም መቼና በማን ትእዛዝ እንደተጣሉ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ካርዶቹን ራሳችሁ ልታላቅቁ ያቀረባችሁትን ሐሳብ አልቀበልም፤ ሥራው እኔ በምመርጠው የወረቀት ጥገና ባለሙያ ተሠርቶ ወጪውን ድርጅትዎ እንዲሸፍን፣ ጀርባቸው በተላቀቀ ጊዜም ስካኑ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጠናቀቅ፣ ለፍሬሙ የተቀበላችሁትም ገንዘብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ15 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ፣ ስምምነታችንንና የፍሬሞቹን ፎቶግራፍ አያይዤ ለካውንቲው የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ የማቀርብ መሆኑን አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅትዎ ደንበኛ