የገበሬ ቢራ ሁሉ ኮምጣጣ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ስለ አነስተኛ ቢራ ጠማቂዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ሴዞን የተባለውን የቤልጂየም ቢራ «ኮምጣጣ የገበሬ ቢራ» ብላችሁ በአንድ ሐረግ ስላለፋችሁት ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ስሕተቱ ትንሽ ቢመስልም፣ ያንን ሐረግ ያነበበ ሰው ወይ ኮምጣጣ ፈልጎ ያልኮመጠጠ ይደርሰዋል፣ ወይ ደግሞ እንደ እኔ ኮምጣጣ መጠጥ የማይወድ ከሆነ ሳይቀምሰው ይቀራል። እኔ ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደግሁ የደሴ ሰው ነኝ፤ በሥራ ምክንያትም ለጥቂት ዓመታት ብራስልስ ኖሬአለሁ። የምጽፈው በሁለቱም ቦታ ከቀመስሁት ተነሥቼ ነው።

ሴዞን በፈረንሳይኛ «ወቅት» ማለት ነው። ቢራው የተወለደው ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የቤልጂየም ደቡባዊ ክፍል፣ በዋሎኒያ፣ በተለይም ሄኖ በተባለው ክፍለ ሀገር በነበሩ የእርሻ ቤቶች ነው። ገበሬው የእርሻ ሥራ በሚቀንስበትና አየሩ ለጠመቃ በሚመችበት የብርድ ወራት ጠምቆ ያስቀምጠዋል፤ ሙቀቱ ሲመጣና አጨዳው ሲደርስ ለሠራተኞቹ ያጠጣዋል። ከእኛ የደቦ ጠላ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ደቦው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የምንጠነስሰውን እነርሱ ከወራት በፊት መጥመቅ የነበረባቸው መሆኑ ነው።

«ጥንት ሴዞን ኮምጣጣ ነበር» የሚሉ ጠማቂዎች የሚነሡት ከዚህ መቆየት ነው፤ እውነት ለመናገርም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን በእንጨት በርሜል ከርሞ የወጣ ቢራ ጥቂት መኮምጠጡ የማይቀር ነው። ይሁን እንጂ ከቆይታ የመጣን ጣዕም የጠማቂው ዓላማ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይመስለኝም። ወሎ ውስጥም ጠላ ሲሰነብት ይኮመጥጣል፤ ነገር ግን «የእገሊት ጠላ የባላገር ጠላ ነው» ብሎ ያመሰገነ ሰው ኮምጣጣነቱን ሲያደንቅ ሰምቼ አላውቅም። የጠላ ባለሙያ ጋኗን በግራዋ አሽታ የምታጥበው፣ በወይራ ጭስ የምታጥነው፣ ከሞላች በኋላም አፉን ግጥም አድርጋ የምትመርገው እንዳይኮመጥጥባት ነው። ጌሾውም ምሬት ለመስጠት ብቻ የገባ አይደለም፤ የሚያኮመጥጡትን ተሕዋስያን ይገታል፤ የቢራ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ሆፕ የተባለው መራራ አበባም ይህንኑ ያደርጋል።

ዛሬ ሴዞን ሲባል እንደ መለኪያ የሚጠራው ቱርፕ በተባለች መንደር የሚጠመቀው ሴዞን ዱፖን ነው። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1844 የእርሻና የጠመቃ ቤት ሆኖ የተጀመረ ሲሆን፣ በ1920 ዱፖን የተባለው ቤተሰብ ገዝቶት ስሙን አገኘ። አልኮሉ 6.5 በመቶ ነው፤ መልኩ ወርቃማና ትንሽ ደፍረስ ያለ፣ አረፋው ከብርጭቆው አፍ በላይ የሚቆም፣ የሆፑ ምሬት በግልጽ የሚሰማ ቢራ ነው። ኮምጣጣ ግን አይደለም። ሲጠጡት ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ስላለው ብዙ ሰው የኮመጠጠ ይመስለዋል፤ ያ የጋዙ ብዛትና የድርቀቱ ሥራ ነው። ድርቀት የምለው እርሾው የብቅሉን ስኳር ለጣፋጭነት ሳያስተርፍ ጠርጎ መብላቱን ነው፤ ብዙዎቹ የሴዞን እርሾዎች ሌላው የቢራ እርሾ የማይደፍረውን ስኳር ጭምር ይፈጩታልና። በዚያ ላይ ሌሎች ብዙ እርሾዎች በ20 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሠሩ የዱፖን እርሾ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ይወዳል፤ ሲሞቀውም ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ የሚመስል ሽታ ያወጣል። እኔ አፍንጫዬን ወደ ብርጭቆው ሳስጠጋ የሚታወሰኝ ድርቆሽና አውድማ ነው። ቢራውን የገበሬ የሚያሰኘው ይህ ጠረን ነው እንጂ አሲድ አይደለም።

ኮምጣጣው ሴዞን በአብዛኛው የመጣው ከቅርብ ጊዜዎቹ ጠማቂዎች፣ በተለይም ከአሜሪካኖቹ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን አቅራቢያ የሚገኘው ጄስተር ኪንግ ለምሳሌ ከአካባቢው የተሰበሰበ የዱር እርሾና ባክቴሪያ ከተለመደው እርሾ ጋር አደባልቆ ይጠምቃል፤ ኮምጣጣ ለሚወድ ሰው ድንቅ ሥራ ነው። ቅሬታዬ በጠማቂዎቹ ላይ አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ስም መሸጣቸው ነው ገዢውን የሚያሳስተው። ስለዚህ ያልኮመጠጠውን የሚፈልግ ሰው የጠርሙሱን ጀርባ ማንበብ ይኖርበታል። «ሳወር» (ኮምጣጣ)፣ «ላክቶ» (የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያ)፣ «ዋይልድ» (የዱር) ወይም «ሚክስድ ከልቸር» (የእርሾና የባክቴሪያ ድብልቅ) የሚል ቃል ካለበት ቢያልፈው ይሻለዋል። በእንጨት በርሜል ቆይቷል የሚለውም ብዙ ጊዜ ኮምጠጥ ያለ ነው። «ብሬት» የሚለው ግን አከራካሪ ነው፤ ይህ የዱር እርሾ በራሱ ብዙ አያኮመጥጥም፤ የሚሰጠው የጋጣና የቆዳ ዓይነት ሽታ ነው፤ አየር ካገኘ ግን ወደ ሆምጣጤ ሊያዘነብል ይችላል። በተቃራኒው ሆፑ በርከት ያለ ሴዞን ባክቴሪያው እንደ ልቡ ስለማይሆን አብዛኛውን ጊዜ አይኮመጥጥም።

ስም ጥሩልኝ ለሚሉ ጥቂት ልጥቀስ። እዚያው ሄኖ ውስጥ ብሎዢ የተባለው ትንሽ ጠማቂ ስፔልት ከተባለ እህል የሚሠራው ሴዞን አለ፤ እህሉ ከገለባው በቀላሉ የማይለቅ የስንዴ ዘመድ ሲሆን ከእኛ አጃ ጋር ይቀራረባል። (አጃ ስል በወሎ ደጋ ለገንፎ የሚዘራውን የስንዴ ወገን ማለቴ ነው፤ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን ኦትስ አይደለም።) ከአሜሪካኖቹ መካከል ኒው ዮርክ ግዛት ያለው ኦሜጋንግ የሚጠምቀው ሄነፒን ዝንጅብልና ድምብላል አለበት፤ የእኛ ኮረሪማ የቅርብ ዘመድ የሆነ የምዕራብ አፍሪካ ቅመምም ገብቶበታል፤ ስለዚህ ለእኛ ምላስ እንግዳ አይሆንም። የካንሳስ ሲቲው ቡልቫርድ ታንክ ሰቨን የሚለው ስም የወጣለት ከተጠመቀበት ሰባተኛ ጋን ነው፤ 8.5 በመቶ ስለሆነ ግን በጣሳ የሚጠጣ አይደለም። ፋንቶም የተባለውን፣ አርደን ከተባለው የቤልጂየም አካባቢ የሚመጣውን ቢራ ግን በጥንቃቄ ቢገዙት ይሻላል፤ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ አንዱ አስደስቶ ሌላው ጥርስ ያስነክሳል። ሴዞን ዱፖንን የሚገዛ ሰው ደግሞ ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ መሆኑን አይርሳ፤ ብርሃን ሲያገኘው ሽታው ስለሚበላሽ ከመደርደሪያው ፊት ለፊት ሳይሆን ከካርቶን ውስጥ እንዲወጣለት ይጠይቅ።

እኔ ይህን ልዩነት በሚገባ የተረዳሁት ብራስልስ ሳይሆን ደሴ ነው። ስመለስ በሻንጣዬ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ነበር፤ አንደኛው ዱፖን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሻጩ «አይኮመጥጥም» ብሎ ምሎ የሸጠልኝ የአንድ አነስተኛ ጠማቂ ሴዞን ነበር። ዕድሜዋን በጠላ ያሳለፈች አክስቴ ዘንድ ወስጄ ለየብቻ በብርጭቆ ቀዳሁላት። (በዚያ ቤት ሁለት ዓይነት እንግዳ ስለማይታጣ ቀሪቦው በአንድ ማሰሮ፣ ጠላው በሌላው ተዘጋጅቶ ይቆያል፤ እኔ ሦስተኛ መጨመሬ ነበር።) የመጀመሪያውን ሳትቀምስ አሸተተችው፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ተጎንጭታ «ይኸማ አልኮመጠጠም፤ ቁንዶ በርበሬ አግብተህበታል እንዴ?» አለችኝ። «አይ እትዬ፣ እርሾው ነው እንዲህ የሚያሸተው» አልኋት። ሁለተኛውን ግን ከከንፈሯ ሳታሳልፍ መለሰችልኝ። «ይኸ አየር ገብቶበታል፤ ጋኑን ማን ከፍቶ ተወው?» ጠርሙሱን አገላብጬ ባነበው በትንንሽ ፊደል በእንጨት በርሜል አሥር ወር መቆየቱ ተጽፏል። ሻጩ ያላነበበውን አክስቴ አሽትታ ደረሰችበት።

ከዚያ በኋላ ለመሞከር ተነሣሣሁ። አንድ ወዳጄ ከውጭ 11 ግራም የሚመዝን ደረቅ የሴዞን እርሾ አመጣልኝ፤ የገብስ ብቅል ከገበያ ገዛሁ፤ ጥቂት አጃ ጨመርሁበት፤ ሆፕ ስላልነበረኝ ጌሾ ቅጠል አፈላሁበት። 20 ሊትር ያህል ወጣው። የጥቅምት ብርድ መሆኑን አልቆጠርሁም ነበርና ሦስት ቀን ካፈላ በኋላ ዝም አለ፤ ስቀምሰው ገና የብቅል ሽሮፕ ነው። አክስቴ ብርድ ልብስ ጠቅልልበት አለችኝ፤ ጠቀለልሁበት፤ አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ጀሪካኑን አቅፌ ቁልቁለቱን ወርጄ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አስቀመጥሁት፤ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ሲንተከተክ አገኘሁት። ይህ እርሾ ሙቀት ይወዳል የሚባለውን በመጽሐፍ አንብቤ አውቀው ነበር፤ ያመንሁት ግን ያን ጠዋት ነው። ሁለት ሳምንት ተኩል ከቆየ በኋላ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ ደረቀ፤ አልኮመጠጠም። ጌሾው ከሆፑ የበለጠ ሥር ሥር የሚል ምሬት ሰጥቶታል፤ ያ አልተዋጠልኝም፤ በሚቀጥለው መጠኑን እቀንሳለሁ። ሊሞክር ለሚያስብ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልስጥ፦ ይህ እርሾ አለቀ ሲሉት የቀረችውን ስኳር እየፈለቀቀ መብላቱን ስለሚቀጥል ጨርሶ ሳይረጋ በጠርሙስ ካሸጉት ጠርሙሱ ይፈነዳል።

አዲስ አበባ ውስጥ የራሳቸውን ቢራ ጠምቀው የሚሸጡ ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ወደፊት ሴዞን ለመጥመቅ የሚያስብ ካለ፣ ሞቃቱ ኮምቦልቻና ባቲ ለእርሾው፣ የወሎ ደጋ ደግሞ ለገብሱና ለአጃው ይመቻሉ ብዬ አምናለሁ። ጠማቂው ባክቴሪያ ጨምሮ ማኮምጠጡን እንደ ሙያ ከቆጠረው ግን የእኛን አገር ጠጪ የሚያገኘው አይመስለኝም፤ ኮምጣጣ ጠላ የቀረበለት እንግዳ ዋንጫውን አስቀምጦ «ተመስገን፣ ጠጥቻለሁ» ሲል ባለቤቲቱ ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ቢራ ስትጽፉ «ኮምጣጣ» የሚለውን ቃል ትታችሁ «ደረቅ፣ ቅመም ቅመም የሚሸት የገበሬ ቢራ» እንድትሉት ነው። ኮምጣጣውን ደግሞ ኮምጣጣ ሴዞን ብላችሁ ለይታችሁ ብትጠሩት ሁለቱም ጠጪውን ያገኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ