ልቅሶ ያልተደረሰላቸው ሟቾች

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደሴ እንደምታውቂው በርዷል፤ ጦሳም እስከ ረፋድ ጉሙን አይገልጥም። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል። አሁን ሰኞ ገበያ ድረስ በእግሩ ደርሶ ይመለሳል።

ይህን የምጽፍልሽ ባለፈው ስትደውዪ የነገርሽኝ ነገር ከሆዴ ስላልወጣ ነው። የቶማስ ሃሪስን «ሃኒባል» የተባለ ልብ ወለድ ጨርሰሽ በጣም ተናደሽ ነበር። ምግብ አልበላ አለኝ፣ እንቅልፍም እምቢ አለኝ ብለሽኛል። እሱ ያልፋል። ያሳሰበኝ ከዶርም ጓደኛሽ ጋር መኳረፋችሁ ነው። እሷ «ከመጀመሪያው ይበልጣል» አለች። አንቺ ደግሞ «ይህን የሚወድ ሰው ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው?» ብለሽ ፊት ነሳሻት። አንድ ክፍል ውስጥ እያደራችሁ ሰላምታ እንኳን የለም።

በመጽሐፍ ምክንያት እንደ እህት የያዘችሽን ልጅ ማጣት የለብሽም። ግን ደግሞ «ተይው፣ ልብ ወለድ እኮ ነው» ብዬ ላልፈው አልፈልግም። መናደድሽ ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን አንቺ ያልሽው አይመስለኝም። አንቺ «ደሙ በዛ» አልሽኝ። እኔ ይህንንም፣ ከሱ በፊት የወጣውን «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ»ንም አንብቤ የደረስኩበት ሌላ ነው።

መጀመሪያ፣ ይህ ጠብ በእናንተ አልተጀመረም። «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በ1991 ፊልም ሆነ፣ በ1992 አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች ጠቅልሎ ወሰደ። ክላሪስ ስታርሊንግን ሰው ሁሉ ወደዳት። አባቷን በልጅነቷ ያጣች፣ ከድህነት የወጣች፣ በወንዶች መሀል ብቻዋን የምትቆም የኤፍ.ቢ.አይ.፣ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ሠልጣኝ ናት። አንባቢው ቀጣዩን መጽሐፍ 11 ዓመት ጠበቀ። በ1999 «ሃኒባል» ሲወጣ ግን ለሁለት ተከፈለ። ስቲቭን ኪንግ አድንቆ ጻፈለት። ክላሪስን ሆና ኦስካር ያገኘችው ጆዲ ፎስተር በተከታዩ ፊልም አልጫወትም አለች። የመጀመሪያውን ፊልም ያዘጋጀው ጆናታን ዴሚም አልመለስም አለ። በ2001 ሪድሊ ስኮት ከጁሊያን ሙር ጋር ሲሠራው የመጽሐፉን መጨረሻ ቀየረው። ይኸውልሽ፣ እናንተ ሳትወለዱ የተጀመረ ጭቅጭቅ ነው።

«ሁለተኛ ክፍል ሁልጊዜ ይበላሻል» ያልሽውንም አልቀበልም። ያ ሁሉ ሰው የወደደው የ1988ቱ መጽሐፍ ራሱ ተከታይ ነው። ሃኒባል የተባለው ሰው በላ ሐኪም፣ ዶክተር ሌክተር፣ መጀመሪያ የታየው በ1981 በወጣው «ሬድ ድራገን» ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከመቀጠሉ አልመጣም።

እኛም ቤት ተጨቃጭቀንበታል። አጎትሽ እሑድ ከኮምቦልቻ ሃረጎን ወጥቶ መጥቶ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደሆነ ሥራው ማንበብ ነው፤ ይህንንም ከኔ ቀድሞ ጨርሶታል። አክስትሽ ግን ሌክተርን እንዲበሉ የተዘጋጁት አሳማዎች ጋ ስትደርስ ከድናዋለች። «ሰውን አውሬ እንዲበላው ሲደገስ ቁጭ ብዬ አላነብም» አለችን። አጎትሽ ተሟገታት። የፍሎረንስ ምዕራፎች እንደሚበልጡበት ነገረን። እውነቱን ነው፣ እነሱ የተዋጣላቸው ናቸው። ፓትሲ የሚባለው ፖሊስ ሌክተርን አውቆት ሳለ በሕግ አይዘውም፤ ለጉርሻው ሲል ለሌክተር ሀብታም ጠላት ለሜሰን ቨርጀር ሊሸጠው ያደባል። በ1478 በሜዲቺዎች ላይ በተነሳው ሴራ የዚያው የፓትሲ ቤተሰብ ሰው ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ተሰቅሎ ነበር። ፖሊሱም በመጨረሻ እንደዚያው፣ እዚያው ሕንፃ ላይ ይሞታል። አጎትሽ ይህን ሲተርክ ቤቱ ሁሉ ዝም ብሎ ሰማው። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር።

አክስትሽ ታዲያ «ይህ ሁሉ ሰው ሲሞት አላዘንክም?» ብላ ጠየቀችው።

«ሟቾቹ ሁሉ ክፉዎች ናቸው። ለማን ልዘን?» አላት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው።

ልጄ፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አስቢው። እዚያም የሚዘገንን ሞልቷል። ሴቶችን ገድሎ ቆዳቸውን የሚገፍ ሰው ታሪክ ነው፣ ከዚያ የባሰ ምን ይመጣል? ግን አንቺ ወደሽው ነበር። እኔም ወድጄዋለሁ። ከወንዝ የወጣችው ልጅ አስከሬን የሚመረመርበትን ቦታ ታስታውሻለሽ? ክፍሉ በአካባቢው ፖሊሶች ተጨናንቋል። ክላሪስ በአክብሮት ታናግራቸዋለች። እስከዚህ ስላደረሳችኋት ቤተሰቦቿ ቢችሉ ያመሰግኗችሁ ነበር፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለእኛ ተዉልን ትላቸዋለች። ከዚያ ወንዶቹ ይወጣሉ። እናቶቻችን ሬሳ ሊያጥቡና ሊገንዙ ሲሉ በሩን እንደሚዘጉት ማለት ነው። እዚያ ገጽ ላይ አስከሬኑ የሰው ልጅ ሆነ። አነበብኩትና መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

እናትየዋስ? ልጇ የታገተችባት ሴናተር በቴሌቪዥን ቀርባ ገዳዩን ትለምነዋለች። የልጇን ስም ደጋግማ ትጠራለች። ገዳዩ ካተሪን ሰው መሆኗን ካየ እጁ ይከብደዋል ብላ ነው። ክላሪስም ገዳዩን የምትደርስበት መጀመሪያ የሞተችውን የፍሬድሪካን ቤት ሄዳ ነው። መኝታ ቤቷን ታያለች፣ የልብስ ስፌቷን ታያለች፣ አባቷን ታነጋግራለች። የሟቿን ሕይወት ስላከበረች ነው ፍንጩን ያገኘችው። ደራሲው ያንን በአጋጣሚ የጻፈው አይመስለኝም።

ለነዚያ ሴቶች ልቅሶ ተደርሶላቸዋል። እኔ የምለው ይኸው ነው።

እዚህ ደሴ ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ። እድሩ ድንኳን ይተክላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። ሰው ተቀምጦ ስለ ሟቹ ያወራል፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ማንን እንደረዳ፣ ከማን ጋር ተጣልቶ ከማን ጋር እንደታረቀ። ሟቹ አስቸጋሪ ሰው ቢሆን እንኳ አንድ ደግ ነገር ይፈለግለታል። ልጅ ሆነሽ ከኔ ጋር ስትሄጂ «ሁሉም ሰው ሲሞት ጥሩ ይሆናል እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን ሰው ስለሆነ ነው የምንቀመጥለት።

አሁን «ሃኒባልን» እይው። ሜሰን ቨርጀር ሕፃናትን ያሰቃየ ሀብታም ነው። ክሬንድለር የክላሪስን ሥራ ያበላሸ ምቀኛ የፍትሕ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነው። ፓትሲ ደግሞ በገንዘብ የተሸነፈ ፖሊስ ነው። ደራሲው መጀመሪያ እንድንጠላቸው ያደርገናል፣ ከዚያ በየተራ ይገድላቸዋል። አንባቢው ገና ሳይሞቱ «ይበላቸው» ማለት ጀምሯል። የክሬንድለር አንጎል በሕይወት እያለ የሚበላበት ያ እራት ሳይቀር ሻማው፣ ወይኑና ሳህኑ አምረው እንደ ግብዣ ይቀርባል። የፓትሲ ሚስት ወጣት ነበረች፣ እሷን ለማስደሰት ብሎ ነው የጠፋው። ስለዚያች መበለት ዛሬ ምን ታስታውሻለሽ? እኔ ምንም አላስታውስም። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ ይህ ይመስለኛል። ሳትወጂ «ይበላቸው» አልሽ፣ ከዚያ ራስሽን ታዘብሽ።

እኔን በበኩሌ ያሳመመኝ እራቱ አይደለም። ሌክተር የክላሪስን አባት አጽም ከመቃብር አስወጥቶ ፊቷ ያቀረበበት ገጽ ነው። ያ አባት በመጀመሪያው መጽሐፍ ለሷ ሁሉ ነገሯ ነበር። ሕግ የምታስከብረው፣ የሟቾቹን ጩኸት የምትሰማው ከእሱ የተነሳ ነው። ያንን አጽም አውጥቶ እንደ መድኃኒት ሊጠቀምበት ይሞክራል። አጽም አይነካም! የትም አገር ቢሆን አይነካም። አንባቢዎች በመጨረሻው ሲቆጡ ብዙዎቹ «እሷ እንዲህ አታደርግም» አሉ። ሙታንን የምታከብረው ልጅ ከገዳዩ ጋር ቦነስ አይረስ ኦፔራ ቤት ውስጥ አጊጣ ስትቀመጥ፣ ለነዚያ ሟቾች ማን ቀረላቸው?

እርግጥ ነው፣ መጨረሻውን የሚወዱ አሉ፤ ጓደኛሽም ይህን ብላ ይሆናል። መሥሪያ ቤቷ ከድቷታል፣ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ባለው ተኩስ ምክንያት ለጋዜጠኛ አሳልፎ ሰጥቷታል፣ ታዲያ ብትተወው ምን ይገርማል ይላሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፣ አልንቀውም። እኔም እሷን ሲያዋርዷት ደሜ ፈልቶ ነበር። ግን ሌክተር መድኃኒት እየወጋ፣ አእምሮዋን እያደነዘዘ ነው ወደዚያ የወሰዳት። ተወጋግታ የመጣችበትን መንገድ ነፃነት ብዬ ልጠራው አልችልም። ይህንን አንሺባት፣ ተከራከሩበት። የሚያስከርክር ነገር እያለ ለምን ትኮራረፋላችሁ?

ደራሲው የሌክተርን ልጅነት ማስረዳቱም አልጠቀመውም። በጦርነት ጊዜ ታናሽ እህቱን ወታደሮች እንደበሏት ይነግረናል፤ በ2006 ደግሞ ስለዚያው ልጅነት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጨመረ። ሐዘኑ ሁሉ ለገዳዩ ሆነ።

ልጄ፣ ይህን ያህል የምቆጭበት ምክንያት አለኝ። ከተማችን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ያየችውን አንቺም አይተሻል። ወግ ሳይደርሳቸው የተቀበሩ ነበሩ። ነገሩ ረገብ ሲል ድንኳን ተክለን፣ ለቆየ ሞት እንደ አዲስ የተቀመጥንላቸውን ታስታውሻለሽ። ከዚያ ወዲህ «ይበለው» የሚል ቃል ከሰው አፍ ስሰማ እጨነቃለሁ። በየወገኑ ሲባል ሰምቼዋለሁ። ለሰው ሞት አለማዘን የሚለመድ ነገር ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ደሙን አንባቢ ይችለዋል፤ ልቅሶ የሌለበት ደም ነው የሚያስፈራኝ።

ይህን ስል ግን ጓደኛሽን አልከስሳትም። አጎትሽን እይው። ያኔ ኮምቦልቻ እንደኛው ነው ያሳለፈው። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ማየት አይወድም። «መጽሐፍ ሲያስፈራኝ እዘጋዋለሁ፣ እዚያ እኔ ነኝ አዛዡ» ይላል። እኔም በልጅነቴ ከአከራይ እየወሰድኩ በኩራዝ የማነበው የወንጀል ልብ ወለድ ነበር፤ በፈራሁ መጠን ነበር የሚጣፍጠኝ። አስፈሪ ነገር የሚወድ ሰው ጨካኝ አይደለም። ጓደኛሽ አሞሽ በተኛሽ ጊዜ ሌሊቱን ቁጭ ብላ እንዳደረች የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ልቧን ከዚያ ነው የምታውቂው፤ ከሚጥማት መጽሐፍ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቀድመሽ አናግሪያት። የተናገርሽው አስከፍቷታልና ይቅርታ በያት። ከዚያ ባርኒን አንሺባት። ያ ሌክተር ታስሮበት በነበረው ሆስፒታል አስታማሚ የነበረው፣ የሠዓሊውን የቬርሜርን ሥዕሎች በሙሉ በዓይኑ ሊያይ የሚመኘው። በመጨረሻ ኦፔራ ቤቱ ውስጥ ሌክተርንና ክላሪስን ሲያያቸው ወዲያው ከዚያ አገር ይወጣል። አጎትሽ ፈሪ ነው ይለዋል። እኔ ከሁሉም ጤነኛው እሱ ነው ብያለሁ። እሷ ምን እንደምትል ጻፊልኝ፤ አጎትሽ በሚቀጥለው እሑድ ይመጣልና መልሷን ይዤ ልጠብቀው።

በሶና ዳቦ ቆሎ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ፤ ለሁለታችሁ የሚበቃ ነው። አባትሽ ይስምሻል። ካልሲ ሳታደርጊ አትተኚ።

እናትሽ
ከደሴ