ሪፐን በእርግጥ ምን ሠራች?

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዝምታዬ በዛ፤ አትቀየመኝ። የአሜሪካው ሪፐብሊካን ፓርቲ በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ተወለደ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበርና ወደዚያው ልግባ።

እውነትነት አለው። የነገሩ ቦታ የሆነችው የዊስኮንሲን ግዛቷ ከተማ የሪፐን ብልሃት የሚገባህ ግን ከሷ በፊት የነበሩት ለምን እንዳልተሳካላቸው ስታይ ነው። በ1844 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ፀረ ባርነቱ ሊበርቲ ፓርቲ ጄምስ በርኒን ዕጩ አድርጎ በኒው ዮርክ 15,812 ድምፅ አገኘ። ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች የአንዱ፣ የዊግ ፓርቲ ዕጩ ሄንሪ ክሌይ በዚያው ግዛት የተሸነፈው በ5,106 ድምፅ ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ ፕሬዚዳንትነቱ ባርነት የነበረባትን ቴክሳስን ወደ አሜሪካ ለመጠቅለል ለቆረጠው ለዲሞክራቱ ጄምስ ፖልክ ሆነ። (ክሌይም ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ ለቴክሳስ ግን እንደ ፖልክ አልቸኮለም።) የባርነት ተቃዋሚው ፓርቲ ድምፅ የሚቀማው ለሐሳቡ ከሚቀርበው ወገን ነበር ማለት ነው።

በ1854 መጀመሪያ ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ የካንሳስ ነብራስካን ሕግ አቀረበ። ሕጉ ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ የኬክሮስ መስመር በስተሰሜን ባርነትን የከለከለውን የ1820 ስምምነት የሚሽር ነበር። የሪፐኑ ጠበቃ አልቫን ቦቬይ፣ ራሱ ዊግ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን ሰበሰበ። ውሳኔያቸው ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ ሕጉ ካለፈ የድሮ ፓርቲዎቻችንን ጥለን አዲስ እናቋቁማለን። ሴኔቱ ማርች መግቢያ ላይ 37 ለ14 አሳለፈው። ቦቬይም ቤት ለቤት፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ፣ መንገደኛውንም እያስቆመ ለማርች 20 ስብሰባ ስም መዘገበ።

የዚያን ምሽት በትምህርት ቤቱ የተደረገው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይህ ነው፦ መጀመሪያ የዊግንና ባርነት እንዳይስፋፋ የሚታገለውን የፍሪ ሶይል ፓርቲን የከተማ ኮሚቴዎች በድምፅ አፈረሱ። ከዚያ ሦስት ዊግ፣ አንድ ፍሪ ሶይል፣ አንድ ዲሞክራት ያለበት ባለ አምስት ሰው ኮሚቴ መረጡ። የድሮዎቹ ኮሚቴዎች ቢተዉ ኖሮ በሚቀጥለው ምርጫ የየራሳቸውን ዕጩ አቅርበው የ1844ን ስሕተት ይደግሙት ነበር። በእኔ ሚዛን ዋናው ሥራ ማፍረሱ ነው፤ «ሪፐብሊካን» የሚለው ስም ቀላሉ ነበር። ቦቬይ ስሙን ለኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ አዘጋጅ ለሆራስ ግሪሊ በደብዳቤ ጠቁሞት ነበር፤ ጋዜጣውም በጁን ያንኑ ስም አነሣ።

የሚሺጋኗ ጃክሰን ደግሞ ክብሩ የኔ ነው ትላለች። በዚያው ዓመት በጁላይ 6ኛው ቀን ከሺህ የማያንሱ ሰዎች ከዛፍ ሥር ተሰብስበው ለግዛቱ ሥልጣን ሙሉ የዕጩዎች ዝርዝር አወጡ። ኮሚቴ መመሥረት ከተቆጠረ ሪፐን፣ ዕጩ ማቅረብ ከተቆጠረ ጃክሰን ትቀድማለች።

አንድ ነገር ግን አታጋንን፤ አዲሱ ፓርቲ የታገለው ባርነት ወደ አዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ነው እንጂ በደቡብ ያለው ይጥፋ ብሎ አልነበረም። ሪፐን ራሷ ግን ከዚህ አልፋ ሄዳለች። በ1854 ሚልዋኪ ላይ ከባርነት የኮበለለውን ጆሹዋ ግሎቨርን ከወኅኒ ያስወጣውን ሕዝብ በማነሣሣት የተከሰሰው ጋዜጠኛ ሸርማን ቡዝ፣ በኦገስት 1860 ከእስር አምልጦ ሪፐን መጥቶ ንግግር አደረገ። ሊይዘው የመጣውን የፌዴራል ሹም ታዳሚው አባረረው።

ቦቬይ በኋላ ከፓርቲው ወጥቶ መጠጥ ይከልከል ወደሚለው ፓርቲ ሄዷል። የሱን ነገር ከፈለግህ ጻፍልኝ፤ ለቤተሰብህ ሰላምታዬን አድርስ።

ወዳጅህ