እማዬ፣ የመመለሻ ትኬቱን ገና አትቁረጪ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ውጭ አገር ለምትሠሪው የፊት ውበት ቀዶ ጥገና ክሊኒኩ የላከልሽን ፕሮግራም ደጋግሜ አየሁት። ተዪው ልልሽ አይደለም፤ ፊቱም ያንቺ ነው፣ ውሳኔውም ያንቺ። የከነከነኝ አንድ መስመር ነው፦ «በ6ኛው ቀን ወደ ቤት»። የዓይን ቆብና የአንገት ቆዳ በአንድ ቀን ተሠርቶ በ6ኛው ቀን አውሮፕላን መሳፈር የሆቴል ሒሳብ ነው፤ ቁስሉ የራሱ ሒሳብ አለው።

የዓይን ቆብ ክር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ባለው ቀን ይነቀላል። ከጆሮ ዙሪያ ያለው የአንገቱ ክር ግን እስከ 10 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። የአሜሪካ ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርም ፊት፣ ዓይን ቆብ ወይም አፍንጫ የተሠራ ሰው ከመብረሩ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን እንዲቆይ ይመክራል። ላንቺ ዕድሜ እኔ 14 ቀን ነው የምለው፤ ክሩ ከወጣ በኋላ ሐኪሙ አንዴ ደግሞ እንዲያይሽ። ትኬቱ ቀኑ የሚቀየር ዓይነት ይሁን።

ለምን ብትዪ፣ አንደኛው ምክንያት የደም መርጋት ነው። ቀዶ ጥገና ራሱ ደምን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፤ በሰመመን ተኝተሽ እግርሽ አይንቀሳቀስም፤ በዚያ ላይ ከ4 ሰዓት በላይ በረራ ሲታከልበት ደሙ ባትሽ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የመተላለፊያው ዳር ያለውን መቀመጫ ያዢ፣ በየሰዓቱ ተነሥተሽ ተራመጂ። እግር የሚያጠብቀውን ካልሲ ሐኪሙ ካዘዘልሽ ቁርጭምጭሚትሽና ባትሽ በሜትር ተለክቶ ይገዛ። ከላይ ከተጠቀለለ እንደ ገመድ አንቆ ደሙን ያቆመዋልና ሁልጊዜ ዘርግተሽ ልበሺው። ከተመለስሽ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን አንደኛው ባትሽ ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረሽ፣ ነገ እሄዳለሁ ሳትዪ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ሁለተኛው የመጀመሪያው ሌሊት ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የፊትና የአንገት ቆዳ ከተሳበ በኋላ ከቆዳው ሥር ደም የሚጠራቀመው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከፍ ያለ የደም ግፊት ደግሞ ያባብሰዋል። ሁለቱም ጉንጭ ማበጡ የሚጠበቅ ነው። አንደኛው ወገን ብቻ እየተወጠረ፣ ሕመሙም እየጨመረ ከሄደ ግን ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መከፈት አለበት፤ ከቆየ ቆዳውን ይጎዳዋል። ዓይን ላይ ሲሆን ይከፋል። ከዓይን ኳስ ጀርባ የተጠራቀመ ደም የዕይታ ነርቩን ስለሚጫነው፣ ኃይለኛ ሕመምና የዕይታ መደብዘዝ አብረው ከመጡ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። አብራሽ የምትሄደው ሰው በየሁለት ሰዓቱ ትቀስቅስሽና አንድ ዓይንሽን ሸፍነሽ ጣቷን ቁጠሪላት፣ ከዚያ ሌላውን። ያንን ሌሊት ሆቴል አትደሪ፤ ነርስ ባለበት እደሪ።

መድኃኒትሽን በተመለከተ፣ የግፊቱን ክኒን በራስሽ አታቋርጪ። የትኛው በዚያ ቀን ጠዋት በትንሽ ውኃ እንደሚዋጥ፣ የትኛው እንደሚዘለል ሰመመን ሰጪው በጽሑፍ ይንገርሽ። አስፕሪኑም እንዲሁ ነው፤ ለልብ የታዘዘ ስለሆነ የልብ ሐኪምሽና ቀዶ ሐኪሙ ይስማሙበት። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ግን ደም መፍሰስን ሊጨምሩ ስለሚችሉ ቀደም ብለው ይቆማሉ፤ የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ኢም ብዙውን ጊዜ ለጥንቃቄ ይቆማሉ፤ ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ አስጽፊ። «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ የሚሸጠውንም ሁሉ ንገሪያቸው።

ሐኪሙን ደግሞ በክሊኒኩ ፎቶ አትመዝኚው። በአገሩ የሕክምና ምክር ቤት መዝገብ ላይ ስሙ በፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ስፔሻሊስትነት መኖሩን እናያለን። «የውበት ሐኪም» የሚለው ማዕረግ በብዙ አገር ምንም ስፔሻሊቲ ሳይኖር ይለጠፋል። ሰመመን የሚሰጥሽ ማን እንደሆነና እስክትነቂ አጠገብሽ ይቆይ እንደሆነም ጠይቂ። ሜክሲኮ ውስጥ በማታሞሮስ በ2023 የውበት ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው በጀርባ በኩል ማደንዘዣ የተወጉ ሰዎች በፈንገስ ማጅራት ገትር ታመው የሞቱም አሉ፤ ችግሩ ከቢላው ሳይሆን ከማደንዘዣው በኩል ነበር የመጣው።

ሌላው ዘግይቶ የሚመጣው ኢንፌክሽን ነው። ቁስሉ ድኗል ሲባል ከሳምንታት በኋላ ቀይ እብጠት ያወጣል፣ ፈሳሽም ይኖረዋል፣ የተለመደውም አንቲባዮቲክ አይነካውም። ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የሚዛመዱ ባክቴሪያዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ለይቶ ለማወቅ የተለየ የላቦራቶሪ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ያስፈልጋል። ሐኪምሽ ይህ እንዲታየው የት፣ መቼ፣ ምን እንደተሠራሽ ንገሪው። ለዚህም ነው ከክሊኒኩ ሳትወጪ የቀዶ ጥገናውን ዘገባ፣ የሰመመኑን መዝገብና የመድኃኒቶቹን ስም ከነመጠናቸው በእጅሽ መያዝ ያለብሽ፤ ከተመለስሽ በኋላ በስልክ ማስላክ ፈተና ነው። የጉዞ ኢንሹራንስሽም አስበሽበት የሄድሽበት ቀዶ ጥገና ያመጣውን ችግር አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ውሉን ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።

ለክሊኒኩ ዛሬ ስትጽፊ ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ጠይቂልኝ፦ በመጀመሪያው ሌሊት ደም ቢፈሰኝ ማን ነው የሚመጣው፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉስ በዚያ ሰዓት ክፍት ነው ወይ? የሚሰጡሽን መልስ ሳታሳጥሪ አስተላልፊልኝ። ቅድመ ክፍያውን እስከዚያ ያዢው።

ልጅሽ