እማዬ፣ ጌምም ያስለቅሳል

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እኔ ሥራ በዝቶብኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ጌም ደግሞ ምን የሚያስለቅስ ነገር አለው?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ያኔ ማስረዳት ስላቃተኝ አሁን ልጻፍልሽ።

ጌም ሲባል ተኩስና ጩኸት እንደሚታይሽ አውቃለሁ። አልፈርድብሽም፣ ብዙው እንደዚያ ነው። እኛ ጌም ሠሪዎቹ ጋ ግን አዲስ ጌም ሲታሰብ የሚቀድመው ጥያቄ «ተጫዋቹ ምን እንዲሰማው እንፈልጋለን?» የሚል ነው። ሕጉም፣ ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ኢኮ የሚባል የጃፓን ጌም አለ። የፉሚቶ ኡዌዳ ሥራ ነው። አንድ ልጅ አንዲትን ልጅ እጇን ይዞ ከግንብ ለማምለጥ ይሞክራል። በቋንቋ አይግባቡም። እጇን ለመያዝ መጫወቻው ላይ ያለ አንድ ቁልፍ ተጭነሽ መቆየት አለብሽ፤ ጣትሽን ካነሳሽ ትለቂያታለሽ። ትተሻት ራቅ ካልሽ ጥላ የሚመስሉ ፍጥረታት መጥተው ይወስዷታል። በቃ፣ ይኸው ነው። እየቆየሽ ስትሄጂ ግን ጣትሽ ራሱ ይሳሳላታል።

እኔን እዚህ ሙያ ውስጥ የከተተኝ ደግሞ ጆርኒ የሚባል ጌም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው። በረሃ ውስጥ ብቻሽን ወደ ተራራ እየተጓዝሽ ሳለ አንድ የማታውቂው ሰው ያጋጥምሻል። ሌላ ቤት ቁጭ ብሎ የሚጫወት እውነተኛ ሰው ነው። እየተጫወትሽ ስሙን አታዪም። ማውራት የለም፤ እንደ ወፍ ድምፅ ማሰማት ብቻ። መሪው ዲዛይነር ጄኖቫ ቼን እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ሲሞክሩት ሰዎቹ ይረዳዳሉ ሲባል እየተገፋፉ ገደል ይጣጣሉ ነበር። ስለዚህ መገፋፋቱን ጭራሽ አጠፉት። በምትኩ ሁለቱ ሲጠጋጉ ሻርፓቸው ያበራል፣ የመብረር ኃይል ይሞላል። አየሽ እማዬ፣ ማንንም አልመከሩም፤ ሕጉን ብቻ ቀየሩት። ሲገፋፉ የነበሩት መረዳዳት ጀመሩ።

ፊልም ሊያሳዝንሽ ይችላል። ግን አይጸጽትሽም፤ አንቺ ምንም አላደረግሽማ! ጌም ላይ የምታደርጊው አንቺ ነሽ። ሉካስ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ፔፐርስ ፕሊዝ የሚባል ጌም ላይ ተጫዋቹ የድንበር ተቆጣጣሪ ነው። ባልየው ወረቀቱ ሙሉ ነውና አለፈ። ሚስቱ ከኋላው መጣች፣ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ብታሳልፊያት ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሲደጋገም ከገቢሽ ይቆረጣል፣ ቤተሰብሽ ይራባል። ብትመልሻትም ማኅተሙን የመታሽው አንቺው ነሽ። ለቅሶ የለ፣ ልብ የሚሰብር ዘፈን የለ፤ ግን ስንቱ ተጫዋች እዚያች ወረቀት ላይ እጁ ይያዛል።

ደግሞ ልንገርሽ፣ የሚያናድዱኝም አሉ። ምስኪን ውሻ ይገድሉብሻል፣ ከኋላ ፒያኖ ይለቁብሻል፣ በቃ አልቅሺ ነው። እንባው ይመጣል፣ አልክድም። ግን ተጫዋቹ እጁን አጣጥፎ የሚያየው ከሆነ ምኑን ጌም ሆነ?

አሁን የምንሠራው ሁለት እህትማማቾች የሞተች እናታቸውን ዕቃ የሚከፋፈሉበትን ጌም ነው። (አትደንግጪ፣ አንቺን አስቤ አይደለም!) አንዱን ዕቃ ስትወስጂ ለሌላዋ ይጎድላል። ነጥብ የለውም፣ አሸናፊም የለውም። አለቃዬ ነጥብ ይግባበት እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ እኔ እንቢ ብያለሁ። ነጥብ ከገባ ሰዉ ስለ እህቱ ማሰብ ትቶ መቁጠር ይጀምራል።

ለሙከራ ጌም ነክተው የማያውቁ ሰዎች እንፈልጋለን። ስመጣ ጆይስቲኩን አስይዝሻለሁ። የተሰማሽን እንዳለ ትነግሪኛለሽ፤ «ደበረኝ» ካልሽም እጽፈዋለሁ። መነጽርሽን ብቻ አትርሺ፣ ጽሑፉ ትንሽ ደቃቅ ነው።

የምወድሽ ልጅሽ