ስንዱዬ፣ ኦንዳይ ሄጄ ያንቺን ጎንደር አገኘሁት

ስንዱዬ የኔ ቆንጆ እንደምነሽ? እማማስ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? መቼም መጥፋቴን አውቃለሁ፣ አንቺም እኮ ጠፍተሻል፣ ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን በአካል ስንገናኝ እንጨቃጨቅበታለን፣ አሁን ግን የምነግርሽ ነገር ስላለኝ ዝም ብለሽ አንብቢኝ። ቮይስ ልልክልሽ አስቤ ነበር፣ ግን ነገሩ ረጅም ነው፣ ደሞ ላንቺ ጥናት የሚሆን ነገር ስላለበት በጽሁፍ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

ባለፈው ሰሞን እረፍት ነበረኝና ከቦርዶ ባቡር ተሳፍሬ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ኦንዳይ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ባስኮች ኤንዳያ ነው የሚሏት፣ ፈረንሳይ በዚያ በኩል የምታልቀው እዚህች ጋ ነው። ቢዳሶዋ የሚባል ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ማዶ ስፔን ነው፣ ኢሩንና ኦንዳሪቢያ የሚባሉት ከተሞች ቁጭ ብለው ይታዩሻል፣ ውሻ ሲጮህ ሁሉ ይሰማል። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በነሱ አቆጣጠር 1864 ነው፣ ዓመቱን ሁሉ በነሱ ነው የምነግርሽ፣ ግን ችግሩ ምን መሰለሽ፣ የስፔን ሀዲድ ከፈረንሳዩ ይሰፋል፣ የፈረንሳዩ 1,435 ሚሊሜትር ነው የስፔኑ 1,668፣ ስለዚ ባቡሩ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም፣ ሰውም ጭነትም ድንበር ላይ ወርዶ ሌላ ባቡር ላይ ይወጣ ነበር። ከተማዋ በዚህ ነው እንጀራ የበላችው ማለት ይቻላል።

አሮጌ ቤት፣ ጠባብ መንገድ፣ ምናምን ጠብቀሽ ከሄድሽ ግን ትከፊያለሽ። ምክንያቱም በ1793 በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ስፔኖች ከማዶ ሆነው በመድፍ ደበደቧት፣ ብዙው ወደመ። አሁን ያለው ነገር ሶስት ኪሎሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የባህር ዳርቻ፣ ማዕበሉ ለጀማሪ ሰርፈኛ የሚመች፣ ጫፉ ላይ ደሞ መንታዎቹ የሚሏቸው ሁለት ቋጥኞች ባህሩ ውስጥ ቆመዋል። መንገድ ላይ ያለው ጽሁፍ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው፣ ፈረንሳይኛና ባስክ፣ ባስክ ደሞ ዛሬ ከሚነገሩ ቋንቋዎች ከየትኛውም ጋር ዝምድናው አልታወቀም፣ ዘመድ የሌለው ቋንቋ ነው። ገበያ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ሲያወሩ ቆሜ ሰማሁ፣ አንዲት ቃል አልገባኝም፣ ፈረንሳይኛዬ በስንት መከራ እዚህ የደረሰልኝ እኔ አዘንኩ።

ወንዙ መሀል አንዲት ደሴት አለች፣ የፋዛን ደሴት ይሏታል፣ ጠባብ ናት፣ ማንም አይኖርባትም፣ ዛፍና አንድ ሀውልት ብቻ። ግን ጉዷ ብዙ ነው። በ1659 ፈረንሳይና ስፔን ስንት ዘመን ሲዋጉ ኖረው የፒሬኔ ስምምነትን የፈረሙት እሷ ላይ ነው፣ በዓመቱ ደሞ አስራ አራተኛው ሉዊ የስፔኗን ንጉሥ ልጅ ማሪ ቴሬዝን ሊያገባ ሲል ሁለቱ ቤተሰብ የተረካከቡት እዚያው ነው፣ ሰርጉ ቅርብ ባለችው ሳን ዣን ደ ሉዝ ነበር። የስፔን በኩል ዳሱን ያሳመረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቬላስኬዝ ሰዓሊው! ከዚያ ወደ ማድሪድ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ደሴቷ እስካሁን የሁለቱም ናት፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድረስ በነሱ ወር ስፔን ያስተዳድራታል፣ የቀረውን ስድስት ወር ፈረንሳይ። እኛ አንድ ጎጥ ላይ ስንት ደም እናፋስሳለን፣ እነሱ በየስድስት ወሩ ይቀባበላሉ፣ ሲዋጉ ከርመው ስለሰለቻቸው ይሆናላ።

ሂትለርና የስፔኑ መሪ ፍራንኮ የተገናኙትም እዚሁ ባቡር ጣቢያ ነው፣ ጥቅምት 23 ቀን 1940፣ በነሱው አቆጣጠር። ፍራንኮ አርፍዶ መጣ፣ ለሰዓታት አወሩ፣ ስፔን ግን ወደ ጦርነቱ አልገባችም፣ ሂትለር በኋላ ከሱ ጋር ሌላ ጊዜ ከማወራ ጥርሴን ቢነቅሉኝ ይሻለኛል አለ ይባላል። ጣቢያው ውስጥ ቆሜ ይሄን እያሰብኩ ከጎኔ ያሉት ቱሪስቶች ሳንድዊች ይገምጣሉ።

ስለ ወንዙ ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። ከ2021 ጀምሮ ከአፍሪካ የመጡ ልጆች ከኢሩን ወደ ኦንዳይ በዋና ሊሻገሩ ሲሉ ቢዳሶዋ ወስዷቸዋል። ከላይ ስታይው ወንዝ አይመስልም፣ የሚሻገሩት የሚመስል የተኛ ውሃ ነው፣ ከስር ግን ባህሩ ሲሞላና ሲጎድል ይጎትታል። ድልድዩ ላይ ቱሪስቱ አይስክሬም እየላሰ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ እኔም ፓስፖርቴን ይዤ ከማዶ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። በቃ ሌላ ምን ልበልሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ከተማዋ ጫፍ ገደሉ ላይ አንድ ቤተ መንግስት የሚመስል ቤት አለ፣ አባዲያ ይባላል። አንትዋን ዳባዲ ስልሽ ወዲያው ታውቂዋለሽ መቼም፣ ጎንደር ተቀምጦ የነበረው ፈረንሳዊ፣ ወንድሙ አርኖ ደሞ ከደጃች ጎሹ ጋር ጎጃም የነበረው! እኔ ስሙን ካንቺም ከሌላም ሰምቼ ነበር እንጂ ቤቱ እዚህ መሆኑን ጭራሽ አላውቅም ነበር። አባቱ ባስክ፣ እናቱ አየርላንዳዊት፣ በ1810 ደብሊን ተወለደ። ከወንድሙ ጋር ምጽዋ የገባው በ1838 ነው፣ የዛኑ ዓመት ጎንደር ደረሰ፣ ከዚያ አንዴ አውሮፓ ደርሶ ቢመለስም እስከ 1848 ድረስ አገራችን ውስጥ ሲዞር ኖረ፣ ትግሬ፣ በጌምድር፣ ጎጃም፣ እናርያ፣ ከፋ ድረስ ወረደ። ያ ማለት እንግዲህ ልክ አንቺ የምታጠኚው ዘመነ መሳፍንት፣ ራስ አሊ ደብረ ታቦር ላይ ሆነው። የኛን ልብስ ለብሶ በባዶ እግሩ ነው የዞረው፣ ተራራ ላይ ይወጣና በመሳሪያ ማዕዘን እየለካ ካርታ ይሰራል።

ሲሳሳትም በደንብ ነው የተሳሳተው ልልሽ። የነጭ አባይ ምንጭ ጊቤ ነው ብሎ በ1846 ምንጩ ላይ የፈረንሳይ ባንዲራ ተከለ፣ ጊቤ ደሞ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሀይቅ ነው የሚገባው። ቢክ የሚባለው እንግሊዝ አይሆንም ብሎ ስንት ዓመት ተጨቃጨቁ፣ ቢክ እልህ ይዞት የፓሪሱ የጂኦግራፊ ማህበር ሸልሞት የነበረውን ሜዳሊያ ሁሉ መለሰ። ሁለት ፈረንጅ በኛ ወንዝ ሲጣላ አስቢው።

ቤቱን ያሰራው ከ1864 ጀምሮ ነው፣ ፕላኑ የአርክቴክቱ የቪዮሌ ለ ዱክ፣ ስራውን የመራው ኤድሞን ዱቷ። ከውጪ ስታይው የጎቲክ ግንብ ነው፣ ግን በሩ ላይ የድንጋይ አዞ አለ፣ ዝሆን፣ እባብ፣ ዝንጀሮ፣ ቀንድ አውጣ፣ ግድግዳው ላይ ይርመሰመሳሉ። ገና ስትገቢ በአይሪሽ እንኳን ደህና መጡ ይልሻል፣ ውስጡ ደሞ በላቲን በአረብኛ በባስክ በእንግሊዝኛ በአማርኛ ያልተጻፈበት ግድግዳ የለም፣ ሰውዬው ዝም ያለ ግድግዳ አይወድም። መተላለፊያው ላይ ያገራችን ኑሮ ተስሏል። ደረጃው ስር አንድ ሀበሻ ልጅ ሀውልቱ ቆሟል፣ አብዱላህ ይሉታል፣ ፋኖስ ይዟል። እዛ ጋ ትንሽ ቆየሁ። ሰውየው ምሁር ነው፣ ይወደናል፣ ቋንቋችንን ያውቃል፣ ግን ቤቱ ውስጥ ለኛ ልጅ የሰጠው ስራ መብራት መያዝ ነው። አስጎብኚዋ ስለ እንጨቱ ጥራት ታወራለች፣ እኔ ልጁን ነው የማየው።

የምግብ ክፍሉ ስንዱዬ! ወንበሮቹ መደገፊያቸው ላይ አንዳንድ የኛ ፊደል አለባቸው፣ በቦታቸው ሲደረደሩ ፊደሎቹ ተገጣጥመው ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፣ ትርጉሙ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከሃዲ እንዳይኖር እግዚአብሔር ይጠብቅ ነው። አስጎብኚዋ ስትናገር ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እንዴት ያለ ተጠራጣሪ ሰው ነው አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ጎንደርና ደብረ ታቦር መሀል ስንት ዓመት የኖረ ሰው፣ ዛሬ አብሮ የበላ ነገ የሚሸፍትበት ዘመን አይቶ፣ ምን ይጻፍ ታዲያ? እዚያ ቤት ውስጥ ካየሁት ሁሉ እውነተኛ የዘመነ መሳፍንት ምስክር እሱ ነው የመሰለኝ፣ ከሥዕሎቹ ይልቅ። እኔ ፊደሎቹን ጎንበስ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ አንድ ትንሽ የፈረንጅ ልጅ መጥቶ ታውቂዋለሽ እንዴ አለኝ፣ አዎ አልኩት፣ የራሱን ስም ጻፊልኝ ብሎ ቲኬቱን ሰጠኝ፣ ጻፍኩለት፣ ከዛ የእናቱን፣ ከዛ የውሻውን፣ እናቱ መጥታ ባትጎትተው ቤተሰቡን በሙሉ ልጽፍ ነበር።

ሌላ ደሞ፣ ቤቱ ግድግዳው ውስጥ ቀዳዳ አለ፣ ከክፍል ክፍል በአንድ መስመር የሚያልፍ። ላ ሩን የሚባለውን 905 ሜትር ተራራ በቴሌስኮፕ በቀዳዳው እያየ ብርሃን አየር ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ሊለካ ፈልጎ ነበር። አልሰራም። ታዲያ ምን አደረገ፣ አልታየም፣ አልተማርኩም የሚል ነገር በባስክ ቋንቋ አስቀረጸበት፣ በዚህስ ወደድኩት። የመጨረሻዋን ድንጋይ ሳልሳዊ ናፖሊዮን መጥቶ እንዲያስቀምጥ ነበር የታሰበው፣ ሰውየው በ1870 ከዙፋኑ ወረደና ድንጋይዋ በረንዳው ላይ እንደጎደለች ቀረች ይላሉ። ዳባዲ ራሱ ከ1871 እስከ 1875 የከተማዋ ከንቲባ ነበር፣ ለባስክ ቋንቋም ብዙ ለፍቷል፣ በ1853 ኡሩኝ ላይ የግጥም ውድድር ያስጀመረ እሱ ነው። እሱና ሚስቱ ልጅ ስላልነበራቸው ቤቱን ለሳይንስ አካዳሚው ተናዘዘ፣ ግን በባዶ አይደለም፣ በ50 ዓመት ውስጥ 500,000 ኮከብ መዝግባችሁ ካታሎግ አዘጋጁ ብሎ፣ በሉ እንግዲህ! ታዛቢዎቹ ቄሶች ነበሩ፣ ሌት ሌት እየተነሱ ኮከብ ሲመዘግቡ ኖሩ። ቴሌስኮፑ አሁንም አለ። እሱ በ1897 ፓሪስ ሞተ፣ እዛው ቤቱ ጸሎት ቤት ውስጥ ከሚስቱ ከቪርጂኒ ጋር ተቀብረዋል።

አሁን ላንቺ የሚሆነውን ስሚኝ። ሰውየው ከኛ አገር ብራና ሰብስቦ ነበር፣ በ1859 ራሱ ያሳተመው ካታሎግ ላይ 234 መጽሐፍ ነው የዘረዘረው። ኦንዳይ አይደሉም፣ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው ያሉት። ከቤተ መጻሕፍቱም ብዙዎቹን ጋሊካ የሚባለው ሳይታቸው ላይ ፎቶ አንስተው በነፃ ለቀዋቸዋል! ኢትዮፒየን ዳባዲ ብለሽ በፈረንሳይኛ ፈልጊ፣ ቁጥር በቁጥር ይወጣልሻል፣ ገጹን አጉልተሽ የጸሐፊውን ሐረግ ሁሉ ታያለሽ። የአማርኛ መዝገበ ቃላቱም አለ፣ 1881 የታተመው፣ ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ሰው እንዴት ያወራ እንደነበር ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም።

አንቺ ታዲያ ሰረቀን ትይኛለሽ፣ አውቅሻለሁ። እኔ እንጃ። እንግሊዝ መቅደላ ላይ በ1868 እንዳደረገችው አይደለም፣ ይሄኛው ገዝቷል፣ አስገልብጧል፣ በወታደር አልዘረፈም። ግን በረሀብና በጦርነት መሀል የሚሸጥ ብራና በውድ ተሸጠ ልንል ነው? የማውቀው ጎንደር ቁጭ ብለሽ ስለ ጎንደር የተጻፈ ለማንበብ ፓሪስ ድረስ ሰርቨር ማንኳኳት እንዳለብሽ ነው፣ እሱ ያናድደኛል፣ ደሞ ስላሉ ደስ ይለኛል፣ ሁለቱም አንድ ላይ። የኔ ነገር እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ቁርጥ አይልልኝም።

የኔታ ግዕዙን እያነበቡ ቢያግዙሽ ጥሩ ነበር፣ አሁንም አይናቸው ያያል? ኢንተርኔታችሁ ፋይሉን ካልጎተተ የሚያስፈልግሽን ቁጥር ላኪልኝ፣ እኔ አውርጄ በፍላሽ ለሚመጣ ሰው እሰጥልሻለሁ፣ ታኅሳስ ላይ የአክስቴ ልጅ ትገባለች፣ በርበሬም ስጫት ስትመለስ፣ ያለቀብኝ ቆይቷል፣ ሽሮም ካለ። ጥናቱን መቼ ነው የምታስረክቢው? አማካሪሽስ አሁንም ያስቸግርሻል? እማማን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ለዓለሙም ሰላም በይልኝ። ቶሎ ጻፊ እሺ።

ያንቺው ሂሩት
ቦርዶ